መኪናዋ የማትነሣበት ዓርብ

አል ዓይን፣ አል ሙዋይጂ
ኅዳር 7 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምሕረት፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እግዚአብሔር በጤና ያግኝሽ፤ የማዳምሽንም ልብ ያራራልሽ። እኔና አባቴ ደህና ነን። ደሴ ያሉትም ደህና ናቸው፤ እናቴ ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው በዕረፍት ቀንሽ አባቴ የቀረው ረስቶሽ አይደለም። መኪናዋ እንቢ ብላ ነው። አቡ ዳቢ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው አራቱ ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው ተሳፍረው ነበር። ቁልፉን ሲያዞረው ጠቅ አለችና ዝም። እንደገና ጠቅ፣ ዝም። ሴቶቹ ወርደው ገፉ። እኔ ከመስኮት ሆኜ አየሁ። አልወረድኩም፤ ሰው ሲበዛ አፍራለሁ።

ከመስከረም ወዲህ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አባቴ በሥራ ቀን በድርጅቱ አውቶቡስ ስለሚሄድ መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ዓርብ ሲደርስ ትሞታለች። የጋራዦቹ ሰፈር ሰናዒያ ውስጥ ተማም የሚባል የወሎ ልጅ አለ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ይላሉ። መጀመሪያ ባትሪ ነው አለ፤ ባትሪ ተገዛ። ቀጥሎ ዲናሞ ነው አለ፤ ዲናሞ ተቀየረ። እሱ ጋ ስታድር ደህና ናት፤ ጠዋት በአንዴ ትነሣለች። «ጋሽ ሞገስ፣ ይቺ መኪና እኔን ስታይ ትድናለች» ይለዋል። እኛ ግቢ ስትመለስ ግን ያው ናት። አባቴ ደግሞ ለተማም ሲሰጣት ውስጧ ያለውን ሁሉ፣ የተሰቀለውን መስቀል ሳይቀር፣ ለቅሞ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ጋራዥ የገባ ዕቃ አይወጣም ይላል። ሲረከባት ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሳል።

የበላችው ለትምህርቴ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነው። ስምንተኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ማታ ማታ ትማሪያለሽ ብሎኝ ነበር። አሁን አያነሣውም፤ እኔም አልጠይቅም።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀንሽ ያመጣልንን ዓሣ በላነው። «ምሕረት ናት የመረጠችው። ዓይኑን አይታ ነው የምትመርጥ፣ ልክ እንደ እናቷ» አለኝ። ስላንቺ ሲጀምር «የአክስቴ ልጅ የየሺ ልጅ እኮ ናት፣ ባዕድ አይደለችም» እያለ ነው። ባዕድ ናት ያለው ሰው ግን የለም። እኔን ዓሣ ገበያው ሚና ዛይድ ወስዶኝ አያውቅም፤ ዓሣ ስመርጥም አላየኝም። ዓሣው እሾህ ነበረው።

ነገ ከተነሣች ደብዳቤዬ እንደ ሁልጊዜው ከፊት ወንበር ትይዩ ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ክዳኑ አልገጥም ስላለ አባቴ በላስቲክ አስሮታል። ላስቲኩን እንዳትበጥሺው።

ቃልኪዳን ሞገስ


አቡ ዳቢ፣ ሚና ዛይድ
ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለቃልዬ፣

ከወንዝ ማዶ ቆሜ እንደምጠራሽ አድርገሽ ስሚኝ፤ እንዴት ነሽልኝ? የድንግል ልጅ ክፉውን ያርቅልሽ። እኔ የማዳም ልጆች ፀጉሬን ነቅለው ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም እንጂ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ጋሼ አትክልት ሊገዛ ገብቷል። ሞተሩን አላጠፋውም። «ካጠፋናት እዚሁ ከዓሣው ጋር ማደራችን ነው፤ አንቺ ጠብቂያት» ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ እንደ ከብት እየጠበቅኋት ነው። ዓሣው እሾህ ነበረው ላልሽው፣ አንቺ ልጅ፣ እሾህ የሌለው ዓሣ ያገኘሽ ቀን ለእኔም ላኪልኝ።

ባለፈው ስትቀሩ ምን እንደሆንኩ ልንገርሽ? ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በር ላይ ቆምኩ። የበሩ ጠባቂ ሐምዛ «ባባሽ ዛሬም የለም?» እያለ ይስቅብኛል። ባባሽ የሚለኝ ለምን መሰለሽ? እስካሁን አልነገርኩሽም። ማዳም ለዘመድ አልለቅሽም አለችኝ። «እናንተ ሁላችሁም ዘመድ ናችሁ» ትላለች። አባቴ ነው አልኳት። ጋሼን ስትጠይቀው «አዎ፣ ልጄ ናት» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። የመኪናዋን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ለሐምዛ ሰጠችው። በዚያች ነጭ መኪና፣ በዕረፍቴ ዓርብ ካልሆነ፣ በታክሲም በሌላ ሰውም በሌላ ቀንም አልወጣም። ስልክ አታስይዘኝ፣ ደጅ አታስወጣኝ። ዕረፍቴ በአንዲት አሮጊት መኪና ባትሪ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኸላስ፣ አለቀ።

ልጄ ናት ሲል ግን ደስ አለኝ። አትቀየሚኝ። የእኔን አባት አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። አንዳንዴ ሳህን ሳጥብ፣ ቃል ይኼኔ ራቱን አቅርባለት አጠገቡ ተቀምጣለች እልና ሆዴን ይበላኛል።

አንድ የማስቸግርሽ ነገር፣ ለእናቴ ያስቀመጥኩት ጥቅል ከመስከረም ጀምሮ መሳቢያው ውስጥ ነው። ቀይ ሻሽ፣ የወገብ ቅባትና ደብዳቤ ነው። ዛሬም ሌላ ደብዳቤ ጨምሬበት ላስቲኩን ሁለት ጊዜ ጠምጥሜዋለሁ። ጋሼ «አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ» ይላል፤ ይረሳዋል። አንቺ አስታውሺው። ሳል ይዟት ነበር። መልስ ከመጣ በሁለት መስመር ጻፊልኝ።

መጣ፣ ሽንኩርት ተሸክሞ። በቃኝ።

ምሕረት


አል ዓይን
ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሕረት፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ ናት ማለቱን አባቴ አልነገረኝም። ጠየቅኩት።

«ለሥራ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ሥራው?»

«ቃልኪዳን፣ ሽንኩርቱ እያረረ ነው።»

እውነትም አሯል።

አልተቀየምኩም። ግን ራት ማቅረብ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። ደክሞት ይመጣል፣ ይበላል፣ ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። የሚያወራኝ ዓርብ ነበር። ዓርብ ጠዋት ራሱ ድንች ይጠብስልኛል፣ የልጅነቱን ያወራኛል። አሁን አንዱ ዓርብ ያንቺ ነው። የቀረውን ዓርብ ደግሞ ከተማም ጋር ነው የሚውለው፣ መኪናዋ ላንቺ ዓርብ እንድትደርስ። አምስት ወንበር አላት፤ አንዱም የእኔ ሆኖ አያውቅም። «የሚቀጥለው ጊዜ» ይለኛል።

ከሳምንት በፊት ስልክ ተደወለለት። ደረጃው ላይ ወጥቶ አወራ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑንም አይከፍተውም። ምነው ስለው «ዓርብ አቡ ዳቢ መግባት አለብኝ፣ በእግሬም ቢሆን» ይላል። በእግሬም ቢሆን! አምና ጉሮሮዬ አብጦ ውኃ መዋጥ ሲያቅተኝ «እስከ ማታ ይሻልሻል» ብሎኝ ሥራ ገብቷል። ላንቺ ሲሆን በእግሩ በረሃውን፣ ስዌይሃንን አልፎ ይመጣል።

ተማም አሁን ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው ይላል። ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ «ከዚህ በኋላ ካልተነሣች ጠበል ውሰዳት» አለው አሉ። አባቴ አልሳቀም።

ስለ ጥቅሉ አላስታወስኩትም። ረሳሁ።

ትናንት ወደ ማታ ልብስ ሳወርድ መኪናዋን አየኋት። ደህና ትመስላለች።

ቃልኪዳን ሞገስ

ዓርብ ጠዋት። አልተነሣችም።


አቡ ዳቢ፣ ሙሽሪፍ
ኅዳር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለቃልዬ፣

ቀንሽ የተባረከ ይሁን፣ የእኔስ ቀርቷል። ይህን በትንሿ ልጅ የሥዕል ወረቀት ጀርባ ነው የምጽፈው፤ ገልብጪው፣ ግመል ናት የተባለችው እኔ ነኝ አሉ።

ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሐምዛ አሳዘንኩት መሰለኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ። ይህ አገር ደግሞ ነጭ መኪና ብቻ ነው። ሐምዛ «ተቀመጪ፣ ያንቺዋ ከሩቅ ትታወቃለች፣ ታስላለች» ይለኛል።

ማዳም ወጣ ብላ አየችኝና «አባትሽ ለምን አዲስ መኪና አይገዛም?» አለችኝ። «ልጅ ያስተምራል» አልኳት።

ሌላ ልንገርሽ። እናቴን በሕልሜ አየኋት። ቀዩን ሻሽ አስራ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች። ጠራኋት፣ ዞር ብላ ሳቀች። ደረሰላት ማለት ነው አይደል? ጋሼ ሰው አግኝቶ ልኮላት ይሆናል፤ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ ነው ዝም ያለው። ሳሉም የለቀቃት ይመስላል፣ ፊቷ ሞልቷል።

ይህን ደብዳቤ ስትመጡ በእጄ እሰጣለሁ። ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ቀኔ።

ምሕረት


አል ዓይን
ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሕረት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን የየሺን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልሽ። ማጽናናት አልችልበትም። የምችለው አንድ ነገር መንገር ነው። አባቴ አያውቀውም።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ፣ ልብስ ሳወርድ ፀሐይዋ ገብታለች፣ ግቢው ደንገዝገዝ ብሏል። በመኪናዋ መስታወት ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን አየሁ። ትርፉን ቁልፍ ይዤ ወረድኩ። ብርሃኑ የሚወጣው ከመሳቢያው ነው። ላስቲኩን ፈታሁት። ውስጡ ጣት የምታህል መብራት አለች፤ ክዳኑ ሲከፈት የምትበራ፣ ሲዘጋ የምትጠፋ። ያንቺ ጥቅል ክዳኑን ገፍቶት ስለማይገጥም አትጠፋም። ነካኋት፣ ታቃጥላለች። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ባትሪውን የምትጠጣው እሷ ናት። አባቴ ወደ ተማም ሲወስዳት ጥቅሉን በፌስታል ስለሚያወጣው ክዳኑ ይገጥማል፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ መኪናዋ ትድናለች። ለካ ለተማም ያልታየው ለዚህ ነው።

ለአባቴ ልነግረው ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ «ልጄ ናት» ማለቱ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ወረድኩ፣ ላስቲኩን እንደነበረው አሰርኩት። ከዚያ ገብቼ ልብስ አጠፍኩ። በማግሥቱ «ደህና ትመስላለች» ብዬ የጻፍኩልሽ ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ያ ደብዳቤ እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ።

ዓርብ ሦስት ሴቶች ብቻ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ፌስታል ይዘዋል። ቁልፉን አዞረ፣ ጠቅ፣ ዝም። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አንዷ «እንግዲህ እስከሚቀጥለው ቀኗ ነው» አለችና ተበተኑ። እኔ ደስ ብሎኛል። ቲማቲም በቃሪያ ሠራሁለት። ዓርብ ነው፣ እቤት ነው፣ የእኔ ነው።

አልጎረሰም። «የሺ ሞታለች። ዛሬ ዐሥር ቀኗ» አለኝ።

«ለምሕረት በማዳሟ ስልክ ለምን አልደወልክላትም?» አልኩት።

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ለብቻዋስ ይነገራታል? የሚደግፏት ሴቶች ይዤ ነበር። ሰው ቤት ወስጄ፣ እንደ ሰው እንድታለቅስ። ማዳም ቤት አፏን በትራስ አፍና ታልቅስ?»

በሴቶቹ ፌስታል ውስጥ የነበረው ጥቁር ነጠላ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲተኛ ወርጄ ጥቅልሽን አወጣሁ። ክዳኑ ገጠመ። ጥቅሉ እንዳይቆሽሽ እኔ ላስቀምጠው አልኩት፤ እሺ አለ። መብራቱን ግን አልነገርኩትም። እሱ ሞተሪኖ ሊያስቀይር ሄደ። ትምህርቴ እዚያ ሞተሪኖ ውስጥ ገባ። ታኅሣሥ 6 በአንዴ ስትነሣ «ተማም እጁ ይባረክ» አለ።

የዚያን ቀን መጀመሪያ ሴቶቹን አቡ ዳቢ፣ ለለቅሶው በተዘጋጀው በወይዘሮ ባንቺአየሁ ቤት አወረድናቸው። እኔ ከኋላ ቀረሁ፣ የፊቱን ወንበር ላንቺ ብለን። እየሮጥሽ መጣሽ። «አንቺ! ዛሬ ሰው ሆነሽ ከቤት ወጣሽ!» ብለሽ ጉንጬን ቆነጠጥሽኝ። የሥዕሉን ወረቀት ሰጠሽኝ። «ጋሼ፣ ሻሹ ደረሰላት? አስራው አየሁ እኮ!» አልሽው። አባቴ ሬዲዮ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አልጽፈውም።

የማታውቂውን ግን ልንገርሽ። ስንመልስሽ ፊትሽን ሸፍነሽ ገባሽ። ማዳም በር ላይ ወጣች። አባቴ እናቷ ሞታለች አላት። ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሚስትህ! አላህ ያጽናህ» አለችው። እናቴ ደሴ በሕይወት ቁጭ ብላ ሳለች፣ አባቴ ሚስቱ እንደ ሞተችበት ሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይቺስ ማን ናት?» አባቴ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። «ኡኽታ» አልኳት። እህቷ። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ምሕረት፣ ሁለት ሳምንት ለቅሶሽን ሰርቄሻለሁ። ከፈለግሽ ለአባቴ ንገሪው። ጥቅሉ እኔ ጋ ነው፣ አልፈታሁትም።

ቃልኪዳን


አል ዓይን
ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሕረት፣

በዓሉ በሰላም አለፈልሽ? ባለፈው ዓርብሽ መልስ አልነበረም። አባቴን ስጠይቀው «ደህና ናት፣ ዝም ብላለች» አለኝ። መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት። መኪናዋ አሁን ሁልጊዜ ትነሣለች። እሷን ሰበብ ማድረግ አልቻልኩም።

ቃልኪዳን


አቡ ዳቢ፣ ሙሽሪፍ
ጥር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለቃል፣

እንዴት ነሽ ልበልሽ፣ ነገሩ ከአፌ ባይወጣም። እኔ አለሁ። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ማዳም ልጆቹን ያስፈራል ብላ ማታ ማታ ብቻ ፈቀደችልኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ትንሿ ልጅ አለቀሰች፤ እሷን ላነሣ ስል ተረፈ።

ከዚያ ሁለቱን ሳምንት ቆጠርኳቸው። ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6፣ ቀን በቀን። ምን ሳደርግ ነበር? ልብስ ተኩሻለሁ። ለልጅቷ እናቴ የምታንጎራጉረውን እያንጎራጎርኩ አስተኝቻታለሁ። ለሐምዛ ስለ እናቴ አውርቼዋለሁ፣ ዶሮ ሰርቆ ያመለጠ ጅብ በማማሰያ እንዴት እንዳባረረች፤ እስኪያስለው ሳቀ። ሻሹ ያምርባት ይሆን እያልኩ አስቤያለሁ። በየቀኑ እናት ነበረችኝ። አልነበረችኝም፤ ግን ነበረችኝ። አንቺ ባትቀኚብኝ እነዚያ ዐሥራ አራት ቀኖች የለቅሶ ነበሩ።

ታዲያ ሰረቅሽኝ ወይስ ጨመርሽልኝ? ልጣላሽ ወይስ ላመስግንሽ? እሱ ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩሽ። እስካሁንም አልተገኘም።

ለጋሼ አልነግረውም። አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ በራስሽ አፍ። ያን ያህል ለሞተሪኖ የከፈለ ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ኡኽታ ያልሽበት አንደበት ለአባትሽ አያንስም።

እኔም የምነግርሽ አለኝ። ማዳም አዲስ መኪና ለምን አይገዛም ስትለኝ «ልጅ ያስተምራል» ያልኳት አንቺን አስቤ አይደለም። በልቤ ልጁ እኔ ነበርኩ። ደብተር ይዤ ከአል ሙዋይጂ ቤታችሁ ስወጣ፣ ጋሼ ከመስኮት ሲያየኝ። አንቺ በዚያ ሐሳብ ውስጥ የትም አልነበርሽም። አስወጥቼሽ ነበር።

ጥቅሉን ፍቺው። ደብዳቤዎቹን ሳታነቢ መልሽልኝ። ቅባቱ ለጋሼ ወገብ ይሁን፣ ስትገፋ የኖረች መኪና አጉብጣዋለች። ሻሹን አንቺ እሰሪው፤ እኔ እስከ ዓመቷ ቀይ አላስርም፣ እዚያ ሆኖ ብል ከሚበላው።

የሚቀጥለው ቀኔ የካቲት 2 ነው። ሻሹን አስረሽ ነይ፣ ሚና ዛይድ እንወርዳለን፣ ዓሣ ባንበላም ዓይኑን አሳይሻለሁ። ከኋላ ትቀመጫለሽ። የፊቱን ወንበር አልለቅልሽም።

እህትሽ
ምሕረት